ትንሿ አምፕና የቢኒ ግራ እጅ

ባለፈው ሐሙስ ለቡ መብራት ኃይል ታክሲ ስጠብቅ መብራት ጠፋ። በሰፈሩ ስም መቀለድ ከተውን ቆይተናል፤ ቀልዱ ራሱ ሰልችቶናል። የዳቦ ቤቱ ማሽን ዝም አለ፣ የፀጉር ቤቱ ካስክ ዝም አለ፣ የጁስ ቤቷ ልጅ መፍጫውን ተወችና አቮካዶውን በማንኪያ መደፍጠጥ ጀመረች። ከጫማ ሱቁ ደጃፍ የተገተረው ባለጎማ ስፒከር ብቻ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠለ። ፊቱ ላይ የተደረደሩት መብራቶች ከቀይ ወደ ሰማያዊ፣ ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ይለዋወጣሉ፤ ከሆዱ ደግሞ ያ የማውቀው ድምፅ ይወጣል። ቡፍ፣ ቡፍ፣ ቡፍ። ዘፈኑ ተቀየረ፤ እሱ ግን ያው ቡፍ ነው።

እንዲህ ያለውን ስፒከር ከመግዛት ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ታክሲው መጣ፣ ሰው ተጋፍቶ ገባ፣ ሄደ፤ እኔ የጥር ነፋስ አቧራውን ፊቴ ላይ እያራገፈብኝ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ነገሩ የሆነው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት በተቀመጥኩበት ዓመት ነው። ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ አልሆነም። ይህን ለመናገር አሁንም አላፍርም፣ ያኔም አላፈርኩም፤ ያፈረችልኝ እናቴ ናት። መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ባለው መንደር፣ እትዬ የሺ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። አንድ ቦታ አርፌ መቀመጥ አልችልም፤ ልጅ ሆኜም እንደዚያው ነበርኩ። ያን ዓመት የሚያስቀምጠኝ ነገር ቢኖር አጎቴ ወደ ሐዋሳ ሲዛወር ትቶልኝ የሄደው ቤዝ ጊታር ብቻ ነበር። አጎቴ በወጣትነቱ ሆቴል ውስጥ ይጫወት ነበር፤ ከዚያ ትዳር ያዘና የኢንሹራንስ ሠራተኛ ሆነ። ቤዙን ሲሰጠኝ፣ "ያለው አራት ክር ነው፤ አትፍሪው" አለኝ። ሌላ ትምህርት አልሰጠኝም።

ችግሩ እትዬ የሺ ነበሩ። የግቢው ቆጣሪ የጋራ ነው። ጊታሩን ትከሻዬ ላይ ይዤ በበሩ ስገባ ያዩኝ ዕለት፣ "ይሄ የኤሌክትሪክ ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"አዎ" አልኳቸው። መዋሸት አልችልበትም።

ዞር አሉና ለእናቴ፣ "እንግዲህ ከምድጃውና ከጊታሩ አንዱን ምረጡ" አሏት። ጊታር ቆጣሪ እንደ ምድጃ አይበላም ብዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ። "የሚጮህ ነገር ሁሉ ይበላል" ብለው ገቡ።

ስለዚህ ሳልሰካው መለማመድ ጀመርኩ። ቤዝ ጊታር ሳይሰካ ድምፅ አለው ለማለት ይከብዳል፤ ዝንብ ትበልጠዋለች። አንድ ቀን ግን የጊታሩ ጫፍ የእናቴን ቁም ሳጥን ነካና ቁም ሳጥኑ በሙሉ አጉረመረመ። ከዚያ በኋላ ጊታሩን ከቁም ሳጥኑ ጎን ጋር አጣብቄ፣ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ እጫወት ነበር። የናፍታሊን ሽታ፣ የእናቴ የክት ልብሶች፣ ከእንጨቱ ውስጥ ወፈር ብሎ የሚመጣ ድምፅ፤ የሙዚቃ ትምህርት ቤቴ ያ ነው። እናቴ ከሥራ ስትመለስ፣ "ዛሬም ቁም ሳጥኑን አቅፈሽ ዋልሽ?" ትለኝ ነበር።

ባንዳችን ሦስት ሰው ነበር፤ ባንድ ማለት ካስቻለ። ሮዛ ትዘፍናለች፤ የክፍል ጓደኛዬና የሰፈሬ ልጅ ናት። ቢኒያም ኪቦርድ ይጫወታል፤ ኪቦርዱ የእሱ ስለሆነ አለቃውም እሱ ነበር። እኔ ቤዝ። ልደት፣ ቀለበት፣ ምርቃት ሲገኝ እንሄዳለን፤ ባለ ድግሱ ከሚያስመጣው ስፒከር አንድ ቀዳዳ ለእኔ ከተረፈ እሰካለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ቤዝ የሚጫወት ሰው አንድ ጠላት አለው፤ እሱም የኪቦርድ ተጫዋች ግራ እጅ ነው። ቀኙ ዜማውን ይዞ ሲሮጥ ግራው ወደ ታች ወርዶ ወፍራም ወፍራሙን ይጫናል። ከበሮውን ማሽኑ ይመታለታል። አንድ ሰው ባንድ ሆነ ማለት ነው። በየአዳራሹ የቤዝ ተጫዋች የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው፤ አጎቴንም ኢንሹራንስ ውስጥ የከተተው ይሄው ይመስለኛል።

የቢኒ ግራ እጅ መኖሩን በደንብ ያወቅሁት አንድ ጎረቤታችን ቀለበት ባሰረ ቀን ነው። ዘፈኑ መሃል ላይ መብራት ሄደ። የእኔ ድምፅ ተቆረጠ። የቢኒ ኪቦርድ ግን ባትሪ አለው፤ በራሱ ትንንሽ ስፒከሮች፣ ግራ እጁን ወደ ታች ሰደድ አድርጎ፣ አንዲት ምት ሳያስቀር ቀጠለ። ሮዛም ቀጠለች፣ ሰውም ማጨብጨቡን ቀጠለ። የእኔን መጥፋት ያወቀ አንድም ሰው የለም። ቤዜን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እንደተገተርኩ፣ ቀይ ሻሽ ያሰሩ አንዲት ሴትዮ የለስላሳ ትሪ አመጡና እጄ ላይ አስቀመጡት።

"ነፃ ከሆንሽ ይቺን ወደዚያ አድርሺልኝ፣ የኔ ልጅ።"

አደረስኩ። ጊታሬን እንዳንጠለጠልኩ ለስላሳ አደልኩ።

ስንመለስ ሦስታችንም አቦ አካባቢ ካለች ሻይ ቤት ደጅ ቆመን ቦንቦሊኖ እንበላለን። ዘይቱ ወረቀቱን አርሶት ጣታችን ላይ ይወርዳል።

"ፍሬ፣ አትቀየሚኝ" አለ ቢኒ።

"ገና ምን አልከኝና?"

"የሮዛ እህት ሰርግ ጥር ላይ ነው። ሙሽራዋን ከቤት አስወጥተን እየተጫወትን እስከ አስፋልቱ በእግር ነው የምንሸኛት። መንገድ ላይ ሶኬት የለም።"

"እና?"

"እና በባትሪ የሚሠራ የራስሽን ነገር ይዘሽ ካልመጣሽ ቤዙን በግራ እጄ እሸፍነዋለሁ። ከዚያ በኋላ ደግሞ…"

"ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ትሸፍነዋለህ።"

ሮዛ ቦንቦሊኖዋን እያኘከች መሬት መሬቱን ታያለች። ሮዛ ጓደኛዬ ናት፤ ግን ዘፋኝ ናት። ዘፋኝ ደግሞ ከሥሯ የሆነ ነገር ቡፍ ካለላት ይበቃታል።

እናቴ ልብስ ስፌት ቤት ነበር የምትሠራው። እቁብ ሲወጣላት የኮምፒውተር ኮርስ ልታስገባኝ አስባ ነበር። ስለ ባትሪው አምፕ፣ ማለትም ስለ ጊታር ድምፅ ማጉያው፣ ስነግራት ክር መበጠሷን ቀጠለች።

"ኮርሱስ?" አለች።

"ኮርሱ የትም አይሄድም።"

"ጊታሩስ የት ይሄድብሻል?"

"ጊታሩ አይሄድም። የሚያስወጡት እኔን ነው።"

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጫማዋን ጠርጋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች፤ ገንዘቡ የእሷ ስለሆነ ዕቃውንም አብራኝ ካላየችው አይሆንም። ቢኒም ተከተለን።

ሱቁ ነፋስ ስልክ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ነበር። ጊታርም፣ ማሲንቆም፣ የዲሽ ሪሲቨርም፣ የልጆች ብስክሌትም ይሸጣል። ባለ ሱቁ ስንጥር በጥርሱ ይዞ ፍላጎቴን እስከ መጨረሻው ሳይሰማ፣ "በባትሪ? ለቤዝ? አለ፣ አለ" ብሎ ያንን ባለጎማ ስፒከር እየጎተተ አመጣው። እስከ ወገቤ ይደርሳል። የሻንጣ ዓይነት እጀታ፣ ሁለት ማይክ፣ የፍላሽ ማስገቢያ፣ እና ፊቱን የሞላ መብራት።

"ይሄ ብቻውን ባንድ ነው" አለ።

"እንደዚያ የሚያስብ ሌላም ሰው አውቃለሁ" አልኩ። ቢኒ ወደ ብስክሌቶቹ ዞረ።

እናቴ መብራቱ ደስ ብሏታል። "ሬዲዮም አለው?"

"ሬዲዮም አለው እናቴ። ቅዳሴ ሲተላለፍ ይሰሙበታል።"

"እሰይ" አለች፤ ልትገዛው እጇ ወደ ቦርሳዋ ሄደ።

ሰክቼ መታሁት። የመደርደሪያው መስታወት ተንቀጠቀጠ፣ ማሲንቆዎቹ ግድግዳው ላይ አቃሰቱ። ቢኒ ራሱን ነቀነቀ፤ "በቃ፣ ይሄ ነው። ሮዛም ማይኳን እዚሁ ትሰካለች።" እኔ ግን ከወፍራሙ ክር ጀምሬ ቀስ እያልኩ ወደ ላይ ወጣሁ። ቡፍ፣ ቡፍ፣ ቡፍ፣ ቡፍ። ጣቶቼ ደረጃ እየወጡ ነው፤ ድምፁ ምድር ቤት ቁጭ ብሏል። ደገምኩት። ያው።

"ያቺስ?" አልኩት ባለ ሱቁን።

ከባንኮኒው ሥር፣ የማሲንቆ ከረጢት ተጭኖባት፣ የዳቦ ሳጥን የምታህል ቡናማ ነገር አለች። ጠርዟ ተፋፍቋል፤ መብራት የሚባል ነገር የላትም፤ ከአንዲት ቀይ ነጥብ በስተቀር።

"እሷ አሮጌ ናት። ሆቴል የሚጫወት ሰው ነው የጣለብኝ። እውነት ለቤዝ የተሠራች ናት፣ ባትሪዋም አይጎዳም፣ ግን ለቤት ልምምድ ካልሆነ…"

አቧራዋን በእጅጌዬ ጠርጌ ሰካሁ። ከወፍራሙ ክር ጀምሬ ወደ ላይ ወጣሁ። እያንዳንዱ ድምፅ ለየብቻው ወጣ። ክሩን ሳፍነው ያበቃል፣ ስተወው ይረዝማል፣ ጣቴን ሳንሸራትተው አብሮኝ ይንሸራተታል። ልክ ቁም ሳጥኑን ነው የመሰለችኝ፤ ጆሮዬን ሳልለጥፍ የምሰማው ቁም ሳጥን።

"ለሰርግ እኮ ነው የምንገዛው" አለ ቢኒ። "ሁለቱንም ውጪ እናውጣቸው።"

ሐሳቡ ትክክል ነበር። ሱቅ ውስጥ ማንኛውም ነገር ትልቅ ይመስላል፤ ግድግዳው ያግዘዋል። እግረኛ መንገዱ ላይ አወጣናቸው። ትልቁን ስመታው መንገደኛ ዞረ፣ ሳሪስ ሳሪስ ሲል የነበረ የሚኒባስ ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ትከሻውን ሰበቀልኝ። ትንሿን ስመታት ሚኒባሱ ተነሳና ዋጣት። እኔ ራሴ፣ ጎንበስ ብዬ እንኳ፣ ጭስ እንጂ ድምፅ አላገኘሁም።

"አየሽ?" አለ ቢኒ። "ማንም አይሰማሽም።"

"ልጄ፣ ትልቁን ውሰጂ" አለች እናቴ። "መብራቱ ራሱ ያምራል።"

"ጎማም አለው፤ አትሸከሚም" አለ ባለ ሱቁ።

ሦስቱም ልክ ነበሩ። እኔ ግን ሌላ ነገር ነበር የታየኝ።

"ትንሿን" አልኩ።

"ለምን?" አለ ቢኒ፤ የምሩን ነበር የጠየቀኝ።

"ትልቁ ውስጥ እኔና የአንተ ግራ እጅ አንድ ነን። ቡፍ ነን ሁለታችንም። ካልተለየን እኔን ምን ታደርጉኛላችሁ?"

"በትንሿስ?"

"በትንሿ የሚሰማ ሰው ከተገኘ የሚሰማው እኔን ነው።"

"ካልተገኘስ?"

"ካልተገኘ ለስላሳ አድላለሁ።"

እናቴ ከፈለች። ወደ ታክሲው ስንሄድ ትንሿን እንደ ሕፃን በአንድ ክንዴ አቅፌያት ነበር። እናቴ ደግሞ ወደ ኋላ ዞራ ያንን መብራት አየችው። ባለጎማው እስካሁንም ትዝ ሳይላት አይቀርም።

እትዬ የሺ መጀመሪያ ቀን ስጫወት ሲሰሙ መጥተው ክፍላችንን ዙሪያውን አዩት። "ሽቦው የታለ?" አሉ። ሽቦ የለውም፣ በባትሪ ነው፣ ባትሪውን እናቴ ሥራ ቦታዋ ወስዳ ትሞላዋለች አልኳቸው። ጎንበስ ብለው ከሥሯ አዩ፣ ከኋላዋ አዩ። "ብቻ ቆጣሪው ይናገራል" ብለው ወጡ። ወሩ መጨረሻ ላይ ቆጣሪው ምንም ሳይናገር ሲቀር የተናደዱብኝ ይመስለኛል።

ሰርጉ እሑድ ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የእድሩ ሰዎች መጥተው ድንኳኑን እነሮዛ ግቢ ደጃፍ ተከሉ፤ ወንበሩን፣ አግዳሚውን፣ ትልልቁን ብረት ድስት አራገፉ። ከጎንደር የመጡት ዘመዶች ቤቱን ሞልተውታል። ግቢው በሙሉ ቀይ ሽንኩርት ቀይ ሽንኩርት ይሸታል፤ የምትከትፈውም የማትከትፈውም ሴት ታለቅሳለች።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። ከእነሮዛ ጋር የቆርቆሮ አጥር የሚጋሩት አቶ ደምሴ፣ ብዙ ጊዜ ታመው የተኙት ሽማግሌ፣ አርፈው ነበር። ጠዋት እነዚያው ድንኳን የተከሉት ሰዎች መጡ፣ ነቀሉት፣ ከአጥሩ ማዶ ወስደው ተከሉት። ለምን ያለ ሰው የለም። የእድር ደንብ ነው፤ ለቅሶ ይቀድማል። ወንበሩም ተሻገረ፣ አግዳሚውም ተሻገረ። የሮዛ እናት ዶሮ ወጡን ከእድሩ ድስት ወደ ጎረቤት ድስቶች እየገለበጡ፣ "እግዜር ያጥናቸው፤ ድስቱ አሁን የእነሱ ነው" ይላሉ። እስከ ረፋዱ ድረስ ያ ድስት አጥሩን ተሻግሮ ንፍሮ ይፈላበት ነበር። ከዚህ ወጥ፣ ከዚያ ንፍሮ፤ በመሃል አንድ ቆርቆሮ።

ሰርጉን ማራዘም አይቻልም፤ ሰንጋው ታርዷል፣ እንግዳው ደርሷል። ከቀብር መልስ የሮዛ አባት ሁለት ሽማግሌ ይዘው ለቅሶ ቤት ገቡና እግር ስመው ለመኑ። የመጣው መልስ አጭር ነበር። ልጅቱን ዳሩ፤ ድምፅ ብቻ ከአጥር አይለፍ።

ስለዚህ ጄኔሬተሩ ቀረ፣ የተከራዩት ስፒከር ቀረ፣ የመኪና ጡሩምባ ቀረ፣ የእግር ሽኝቱም በዝምታ ይሁን ተባለ። የተረፈን ሳሎኑ ነው።

"እኔ ኪቦርዱን ዝቅ አድርጌ፣ ሮዛ እያንጎራጎረች፤ በቃ" አለ ቢኒ።

"እኔስ?"

"ፍሬ፣ ቤዝ ግድግዳ ያልፋል። ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ከሁላችንም ቀድሞ ለቅሶ ቤት የሚገባው ያንቺ ነው።"

ያናደደኝ ውሸት ስለተናገረ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ጎረቤት ሙዚቃ ሲከፍት ቤትሽ ድረስ የሚመጣው ዘፋኙ አይደለም፣ ክራሩ አይደለም፣ ቤዙ ነው። እና እሱ ይህን ሲል ግራ እጁን ኪስ ውስጥ አድርጎ ነበር፤ እዚያ ኪስ ውስጥ ሆና የምትስቅብኝ መሰለኝ።

"ይሞከር" አልኩ። "ካለፈ እኔው ራሴ ጊታሩን አስቀምጣለሁ። ካላለፈ ግን ግራ እጅህን አሳርፋት።"

እሑድ ጠዋት ሮዛን፣ ቢጉዲን ራሷ ላይ እንደተጠቀለለ፣ ሳሎን ውስጥ አስቀምጬ ጊታሩን አስታቀፍኳት። "ወፍራሙን ክር ብቻ፣ በአውራ ጣትሽ" አልኳት። እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ነበር የምትጎትተው። ስልኳ ላይ ደውዬ መስመሩን ክፍት እንደተውነው ወጣሁና በቀጭኗ መንገድ ዞሬ ከለቅሶው ድንኳን ጎን፣ ከአጥሩ ሥር ቆምኩ።

የሟቹ የመጀመሪያ ልጅ፣ እትዬ ብርሃኔ፣ ከበርሜል ውሃ እየቀዱ ፊታቸውን ይታጠባሉ። ጥቁር በጥቁር ለብሰዋል፤ ድምፃቸው ከልቅሶ ብዛት ተዘግቷል።

"ምን ጠፋሽ?" አሉኝ።

"ምንም። እያዳመጥኩ ነው።"

"ምኑን?"

"እኛን። ከዚህ እንሰማ እንደሆነ።"

ጣሳውን አስቀመጡ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። መጥተው አጠገቤ ቆሙና ጆሯቸውን ወደ አጥሩ አዘነበሉ።

"አሁን እየተመታ ነው?"

"አዎ።"

"ምንም የለም።"

"ጨምሪ" አልኳት ሮዛን በስልኩ።

እትዬ ብርሃኔ እርጥብ መዳፋቸውን ቆርቆሮው ላይ አደረጉ። "ለጆሮ የለም። እዚህ ላይ ግን ይታወቃል፤ እንኪ፣ ንኪው።"

ነካሁት። ቆርቆሮው ቀስ ብሎ ይንዘረዘራል። "ቀንሺ" አልኳት። "ትንሽ ቀንሺ። ትንሽ።"

ቆርቆሮው ዝም አለ።

"እዚያ ላይ ተዉት" አሉ እትዬ ብርሃኔ። "እናቴ አባቴ ካረፈ ጀምሮ ዓይኗን የከደነችው አሁን ነው። ብትነቃ የሚያስተኛት የለም።"

"አትነቃም።"

"ነግሬሻለሁ።" ጣሳቸውን አነሱና ሊሄዱ ሲሉ ዞሩ። "ደግሞ ሽንኩርታችሁ ከታች እያረረ ነው። ሽታው እዚህ ደርሷል፣ ንገሪያቸው።"

ሮጬ ገባሁ። መጀመሪያ ሽንኩርቱን ነገርኩ። ከዚያ ሮዛ፣ ለሙሽራዋ ጥፍር የተገዛውን ቀይ ቀለም አምጥታ፣ የአምፑ የድምፅ መዘውር የቆመበት ላይ አንድ ነጥብ አደረገችልኝ። ከዚያች ነጥብ ማለፍ የለም።

ሳሎኑ ሰው በሰው ላይ ነበር። ሶፋው ወጥቶ ፍራሽ ተነጥፏል፤ የጎንደሮቹ ሽማግሌዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። ሙሽራዋ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ ልታለቅስም ልትስቅም የፈራች ትመስላለች። ሴቶቹ እልልታውን ነጠላቸው ውስጥ አፍነው ያወጡታል፤ ጭብጨባው በሁለት ጣት መዳፍ ላይ ነው። ሮዛ ለአንድ ሰው ጆሮ እንደምትነግር ሆና ጀመረች።

ቢኒ በቀኙ ዜማውን ያዘ፤ ግራውን ልማዱ ነውና ወደ ታች ሰደዳት። እኔም ገባሁ። ለመጀመሪያዎቹ ምቶች ሁለታችንም እዚያው ነበርን፣ በአንዲት በር ለመግባት እንደሚጋፉ ሁለት ሰዎች። ኪቦርዱ ዝቅ ብሎ በራሱ ትንንሽ ስፒከሮች ሲጫወት ወፍራሙ ድምፅ ይሞታል፤ የሚወጣው ወረቀት ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ነገር ነው። የእኔ ደግሞ፣ በዚያች በቀይዋ ነጥብ ላይ፣ ያለ ሚኒባስ፣ ያለ ጄኔሬተር፣ ሁሉም ሰው ትንፋሹን ይዞ በሚያዳምጥበት ቤት ውስጥ፣ እያንዳንዱ ክር ለየብቻው ይሰማል።

ከጎንደሮቹ አንዱ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ ረጅም ሽማግሌ፣ ተነሱ። እግር መምታት የለም፣ ዝላይ የለም። እስክስታ ለካ ድምፅ የለውም፤ ያን ቀን ነው የገባኝ። ትከሻቸው ብቻ ነው የሚሄደው። ትንሽ ካየኋቸው በኋላ የምይዘውን ክር ተከትለው እንደሚሰብቁ አወቅሁ። ክሩን ሳስረዝመው ትከሻቸው ይረዝማል፣ ስቆርጠው ይቆማል፣ እንደገና ስነሳ ይነሳል። ለማረጋገጥ አንዴ ባላሰቡት ቦታ ቆረጥኩት። እሳቸውም ቆረጡትና ዓይናቸውን ከሙሽራዋ ላይ አንስተው ወደ እኔ አዩ፤ በጢማቸው ውስጥ ፈገግ አሉ። ሌሎቹም ተነሱ። ቤቱ በሙሉ፣ ኮቴ ሳይሰማ፣ ትከሻ ሆነ።

ያኔ ነው ወደ ቢኒ ያየሁት። ግራ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳት። ለአፍታ አየር ላይ አቆያት፤ የት እንደሚያስቀምጣት የጠፋው ይመስል ነበር። ከዚያ ጉልበቱ ላይ አሳረፋት፤ ዝግጅቱ እስኪያልቅ ከዚያ አላነሳትም።

ሙሽራዋን ስናስወጣ እውነትም መንገዱ ሁሉ ዝም ብሎ ነበር። የቬሎዋ ጫፍ ኮብልስቶኑ ላይ ሲጎተት ይሰማል። በለቅሶ ቤቱ በር ስናልፍ እትዬ ብርሃኔ ቆመዋል። ሙሽራዋን በዓይናቸው ሸኟት፤ ከዚያ እኔን ፈለጉና ሁለት መዳፋቸውን አጋጥመው ጉንጫቸው ሥር አደረጉልኝ። አሮጊቷ እንደተኙ ነው።

ቢኒ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተናግሮ አያውቅም። ለሚቀጥለው ሥራ ሲደውልልኝ ብቻ፣ "ፍሬ፣ ትንሿን እንዳትረሺ" አለኝ። ከቢኒ አፍ ይቅርታም ምስጋናም የሚወጣው በዚህ መጠን ነው።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር፤ አላለቀም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሜዳ ላይ የምርቃት ድግስ ተጫወትንና ትንሿን የሰማት አንድ ሰው አልነበረም። ቢኒ ሱቁ ደጃፍ ላይ የነገረኝ ሁሉ እውነት ነበር። ያን እሑድ የተሰማሁት እኔ ትክክል ስለሆንኩ አይደለም፤ ያ መንደር የፈለገው ልክ የእሷን ያህል ድምፅ ስለነበረ ነው። ሌላ መንደር ሌላ ቀን ሌላ ይፈልጋል። ባንዱ በመጨረሻ ተበተነ፤ ሮዛ አገባች፣ ቢኒ አሁን አዳራሽ ውስጥ በሁለት እጁ ብቻውን ይጫወታል፣ ጎበዝም ነው። እኔ ለቡ የቤት ዕቃ ሱቅ እየሠራሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሌሎች ልጆች ጋር ቤዝ እጫወታለሁ። ከትንሿ በኋላ ሌላ አምፕ ገዝቻለሁ፣ ከእሷ በጣም የሚጮህ።

ሐሙስ ዕለት ግን፣ ያ ባለጎማ ከፊቴ ቡፍ እያለ፣ ሌላ ነገር ነበር የማስበው። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ድምፅሽን ቀንሺ ሲለኝ ኖሯል፤ አስተማሪው፣ አለቃዬ፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ የማላውቀው ሰውዬ ሳይቀር። ሲሉኝ እጨምራለሁ፤ ተፈጥሮዬ ነው። ያን እሑድ ግን በገዛ እጄ ቀነስኩት፤ ቆርቆሮውን ስለነካሁ፣ ከወዲያ ማን እንደተኛ ስለማውቅ። መዘውሩ ግማሽ እንኳ ሳይሞላ ሰው ሁሉ ሰማኝ። ከዚህ ጭምት መሆንን ተማርኩ ብል እዋሻለሁ። የተማርኩት ሌላ ነው። አሁን አንድ ሰው ድምፅሽን ቀንሺ ሲለኝ፣ መጀመሪያ ማን ተኝቶ ነው ብዬ እጠይቀዋለሁ። የተኛ ሰው ካለ እቀንሳለሁ።